ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን፦ የበረራ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻቸው

ወላጆቻችሁን ልታስመጡ ወይም ለበዓል አገር ቤት ልትገቡ ተነሥታችሁ ስለ በረራው የጠየቃችሁኝን በየተራ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ርቀቱ በትክክል ስንት ነው? አንዱ ቦታ ከ11 ሺህ በላይ፣ ሌላው 7 ሺህ ይላል።

ሁለቱም ልክ ናቸው። በቀጥታ ሲለካ ወደ 11,550 ኪሎ ሜትር ነው፤ በማይል 7,180 ገደማ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ወደ አዲስ አበባ ስበር 13 ሰዓት፣ ወደ አሜሪካ ስመለስ 16 ወይም 17 ሰዓት የሚፈጀው ለምንድን ነው?

ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው ነፋስ ነው። አውሮፕላን በሚበርበት ከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ብርቱ ነፋስ አለ፤ ወደ አገር ቤት ስንሄድ ከኋላ ይገፋናል፣ ስንመለስ ፊት ለፊት ይገጥመናል።

ሁለተኛው ቦሌ ራሱ ነው። አየር ማረፊያው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። አየሩ ስስ በመሆኑ ክንፉ የሚያገኘው ማንሻ ኃይል ይቀንሳል፣ የሞተሩም ጉልበት እንደዚሁ። ስለዚህ አውሮፕላኑ መንገደኛውን፣ ሻንጣውን፣ በርበሬውንና ሽሮውን ጭኖ እስከ ዋሽንግተን የሚያደርሰውን ነዳጅ በሙሉ ይዞ መነሣት ይከብደዋል። መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ የሚሞላው ለዚህ ነው። ዋሽንግተን ያለው የደለስ አየር ማረፊያ ግን ከፍታው 100 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ከዚያ ሙሉ ነዳጅ ይዞ ይነሣል። ብዙ ሰው መቆሙን የአየር መንገዱ ድክመት አድርጎ ሲያማርር እሰማለሁ፤ የመልክዓ ምድሩ ጉዳይ ነው።

ጥያቄ፦ እናቴ እንግሊዝኛ አትችልም። መሀል ላይ ሲያርፍ ብትጠፋብኝስ?

እህቴ፣ አይዞሽ። ለነዳጅ ብቻ ሲቆም አብዛኛውን ጊዜ መንገደኛው ከመቀመጫው አይነሣም፤ አውሮፕላኑም ያው ነው። ግን ትኬቱን ስትቆርጪ «አውሮፕላን ይቀየራል ወይ?» ብለሽ አጥብቀሽ ጠይቂ። የሚቀየር ከሆነ ተሽከርካሪ ወንበር አስይዢላቸው፤ ወንበሩን የሚገፋው ሠራተኛ እስከሚቀጥለው በር ያደርሳቸዋል። ስልክ ቁጥርሽንም በወረቀት ጽፈሽ ፓስፖርታቸው ውስጥ አድርጊ።

ጥያቄ፦ ካርታው ላይ መንገዱ የሚጎብጠው ለምንድን ነው?

ምድር ክብ ስለሆነች ነው። ሉል ካላችሁ አዲስ አበባና ዋሽንግተን ላይ ክር ወጥሩ፤ ክሩ በሱዳንና በሊቢያ አልፎ፣ ፖርቱጋል ላይ ተጋምሶ፣ አትላንቲክን ወደ ሰሜን ተጠግቶ ይሻገራል። አጭሩ መንገድ እሱ ነው።

ጥያቄ፦ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው የሰዓት ልዩነት 7 ነው 8?

ከጥቅምት መጨረሻ እስከ መጋቢት መጀመሪያ 8፣ በቀረው ጊዜ 7።

ጥያቄ፦ ትኬት ላይ ያለው ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ነው?

አይደለም፤ እባካችሁ ይህን ለወላጆቻችሁ ደጋግማችሁ ንገሩ። ትኬቷ ላይ 10:30 የሚል አይታ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ አየር ማረፊያ የደረሰች ሴት አውቃለሁ፤ አውሮፕላኑ ረፋድ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ሄዷል። 22:30 ማለት ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ነው። ከሁሉ የሚያሳስተው 00:30 ነው። ትኬቱ «ማክሰኞ 00:30» ካለ፣ ለእኛ ሰኞ ሌሊት 6 ሰዓት ተኩል ማለት ነውና ሰኞ ማታ 3 ሰዓት ላይ ቦሌ ተገኙ።