ተከታዩን ላንብበው ወይ ላልሽው

እህቴ፣ «ነገም ሌላ ቀን ነው»ን ጨርሼ ሆዴ ባባ፤ ሌላ ደራሲ የጻፈችውን ተከታይ ላንብበው ወይ ብለሻል። እኔ አንብቤዋለሁ። በጣም ነው ያዘንኩት።

የመጀመሪያው መጽሐፍ («ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ») ደራሲ ማርጋሬት ሚቼል ተከታይ ሳትጽፍ ነው እ.ኤ.አ. በ1949 ያረፈችው። ተከታዩን «ስካርሌት»ን አሌክሳንድራ ሪፕሊ በ1991 አወጣችው፤ የሚቼል ወራሾች ፈቃድ አላት። እንግሊዝኛውን እዚሁ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ዛፍ ሥር ተቀምጬ ጀመርኩት። የባለታሪኳ የስካርሌት ሞግዚት ማሚ ስትሞት እንባዬ መጣ። ከዚያ ታሪኩ አየርላንድ ተሻገረና የማውቃት ስካርሌት ጠፋችብኝ። ያቺ እልኸኛ ሴት ለዘበች። ገጹን ጣቴ ላይ ይዤ ቀና ስል ያየሁት የደንገል ታንኳ እንኳ ከመጽሐፉ ይበልጥ ያዘኝ።

መጨረሻው ደግሞ ይባስ። ባሏ ሬት ትቷት ሲሄድ ይመለስ ይሆን እያልን የቀረነው እኮ ነው የመጀመሪያውን መጽሐፍ ያከበረው! እዚህ ግን አገናኝተዋቸው አረፉ።

ነቢይ መኮንን በደርግ እስር ቤት፣ በሲጋራ ወረቀት ላይ የተረጎመውን የ«ነገም ሌላ ቀን ነው» አማርኛ ለለመደ ጆሮ ደግሞ ይሄኛው ደረቅ ነው። እኔ ብሆን የነቢይን እደግመው ነበር። አሁንም ልየው ካልሽ ቅጂው እኔ ጋ አለ፤ ባሕር ዳር ከሆንሽ አውስሻለሁ።