መልስ፦ ራዲዮኑን ሳገናኝ 6 ቮልቱ የት ይገባል?

የ12 ቮልት ባትሪህን በሁለት ሬዚስተር (ከረንት የሚገድብ፣ በኦም የሚለካ ዕቃ) አካፍለህ 6 ቮልት እንዳገኘህ፣ ራዲዮኑን ስታገናኝ ግን ቮልቱ እንደሚጠፋ ጠይቀሃል። ሬዚስተሮቹ አልተበላሹም። ቮልቱን የሚያወርደው ራሱ ራዲዮኑ ነው።

የ12 ቮልት ባትሪህን በሁለት 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አካፍለህ በቴስተር ስትለካ 6 ቮልት ያየኸው፣ ቴስተሩ የሚስበው ከረንት እዚህ ግባ የማይባል ስለሆነ ነው። ራዲዮኑ ግን 60 ሚሊአምፔር ይስባል ብለሃል። 6 ቮልት ለ0.06 አምፔር ሲካፈል 100 ነውና፣ ይህ 100 ኦም ሬዚስተር እንደማገናኘት ነው። ከታችኛው ሬዚስተር ጋር በፓራለል (ጎን ለጎን) ሲገባ ሁለቱ አንድ ላይ 99 ኦም ገደማ ይሆናሉ። 12 ቮልቱ ከሞላ ጎደል በላይኛው ላይ ያልቃል፤ ለራዲዮኑ የሚተርፈው 0.1 ቮልት ነው።

የሬዚስተሮቹን ኦም ላሳንስ ብለህ አትልፋ። ይግላሉ፣ ባትሪህንም ይጨርሳሉ። 7806 ሬጉሌተር ግዛ፤ ቮልቱን 6 ላይ የሚያጸና ባለ ሦስት እግር ዕቃ ነው።

1. ሬጉሌተሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ ወደ አንተ አዙር። ግራው እግር (መግቢያው) ወደ ባትሪው ፖዘቲቭ፣ መሃሉ ወደ ኔጌቲቭ፣ ቀኙ (መውጫው) ወደ ራዲዮኑ።
2. ከመግቢያው ወደ ኔጌቲቭ 0.33፣ ከመውጫው ወደ ኔጌቲቭ 0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር (ቮልቱ እንዳይዋዥቅ የሚረዳ ዕቃ) አስገባ።
3. ራዲዮኑን ከማገናኘትህ በፊት መውጫው 6 ቮልት መሆኑን ለካ።

አደራ፣ በ7806 ቦታ ኤልኤም317 የሚባለውን ሌላ ሬጉሌተር እንዳትገጥም። ሲያዩዋቸው መንታ ናቸው፤ የእግራቸው ቅደም ተከተል ግን ይለያያል። እኔ ቁጥሩን ሳላነብ በይጄ ግማሽ ቀን ጥፋቱን ስፈልግ ውያለሁ።