ደመና ነው ብላችሁ አትለፉት፦ ሰሜን ላላችሁ ወገኖቼ

ይህን የምጽፈው ብቸና፣ እህቴ ቤት ደጃፍ፣ ጋቢ ተከናንቤ ነው። ትሮምሶ፣ ሰሜን ኖርዌይ፣ 14 ዓመት ኖሬ ነው ለእረፍት የመጣሁት። ኖርዌይም ስዊድንም ካናዳም አላስካም ላላችሁ ወንድምዓለሞችና እህትዓለሞች አንዲት ምክር አለችኝ። የሥራና የወረቀት አይደለችም፤ እሱን የሚነግራችሁ ሞልቷል። የሰማይ ናት።

መጀመሪያ የራሴን ሞኝነት ልናገር። በመጀመሪያው ዓመት ከማታ ፈረቃ ስወጣ ከተራራው በላይ ነጣ ያለ፣ ጭስ የመሰለ ነገር ተጋድሞ አያለሁ። ደመና ነው እላለሁ። አንገቴን ቀብሬ አውቶቡሴን እጠብቃለሁ። ለሳምንታት እንዲህ ነበርኩ። አንድ ማታ አብራኝ የምትሠራ ሴት ስልኳን አውጥታ ያንኑ «ደመና» አነሳችና አሳየችኝ፤ የመስከረም ሣር የመሰለ አረንጓዴ! ሰው ገንዘቡን ከስክሶ ሊያየው የሚመጣውን አውሮራ፣ የሰሜኑን የሌሊት ሰማይ ብርሃን፣ እኔ በየማታው እየገላመጥኩት አልፋለሁ።

ነገሩ የዓይናችን ነው። ብርሃን ሲያንስ ዓይን ቀለም መለየት ይተዋል፣ ሁሉን ግራጫ ያደርገዋል። ካሜራ ግን የብዙ ሰከንድ ብርሃን ስለሚያጠራቅም አረንጓዴውን ያወጣዋል። ስለዚህ ማታ የሚንቀሳቀስ ነጭ ጭረት ካያችሁ ቁሙ። ከመብራት ራቁ፣ 20 ደቂቃ ስልካችሁን አትዩ፣ ዓይናችሁ ጨለማውን ይልመድ። ሲበረታማ ማንም አይነግራችሁም፤ መጋረጃ ይመስል ሲወዛወዝ ራሳችሁ ትጮኻላችሁ።

ዘንድሮ ፎቶዎቹን ለእናቴ አሳየኋት። «የማርያም መቀነት በሌሊትም ትወጣለች እንዴ?» አለችኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ብዙ የተማረ ሰውም እዚያው ላይ ይሳሳታል። የማርያም መቀነት የፀሐይ ብርሃን የዝናብ ጠብታ ውስጥ ገብቶ ሲበታተን የሚመጣ ነው። አውሮራ ግን አየሩ ራሱ የሚያበራው ብርሃን ነው።

እንዴት ያበራል? ፀሐይ ብርሃን ብቻ አይደለም የምትልከው። የኤሌክትሮንና የፕሮቶን ነፋስም ሳታቋርጥ ትተፋለች፤ በሰከንድ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ እየከነፈ በአራት ቀን ገደማ እኛ ጋ ይደርሳል፣ ፍንዳታ ሲኖር ደግሞ ከዚያም ይፈጥናል። አብዛኛውን የምድር መግነጢስ ወደ ጎን ያሳልፈዋል። ነገር ግን ያ ነፋስ የመግነጢሱን መስመሮች በሌሊቱ በኩል እንደ ጅራት ይጎትታቸዋል፣ ጉልበት ይጠራቀምባቸዋል፣ ከዚያ እንደ ላስቲክ ሲፈናጠሩ ኤሌክትሮኖቹ መስመሩን ይዘው ወደ ዋልታው ይወርዳሉ። ወርደው ከኦክስጅንና ከናይትሮጅን ጋር ሲላተሙ ያ አየር ያበራል።

ለእናቴ ይህን ሳስረዳ የእህቴ ሽሮ ገንፍሎ ጋዙ ላይ ፈሰሰ። ሰማያዊው እሳት ባንዴ ቢጫ ሆነ። «አየሽ እማ፣» አልኳት፣ «ቢጫው ከጨው ነው። እያንዳንዱ ነገር ሲነካ የራሱ ቀለም አለው።» እህቴ ምድጃውን የምወለውለው እኔ አይደለሁም ብላ ተቆጣች እንጂ ማስረጃው ሰምሮልኝ ነበር።

አረንጓዴው የኦክስጅን ነው፣ ከ100 እስከ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ። ቀዩም የኦክስጅን ነው፣ ግን ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ። ያው ኦክስጅን ስለምን ሁለት ቀለም? ከተነካ በኋላ አረንጓዴውን ለመስጠት ከአንድ ሰከንድ ያነሰ ይበቃዋል፣ ቀዩን ለመስጠት ግን ሁለት ደቂቃ ሊሞላ ምንም አይቀረው። ሙሉ ዋንጫ ጠላ ይዞ በቅዳሜ ገበያ መሐል የሚያልፍ ሰው አስቡ፤ ሁለት እርምጃ ከሆነ ይደርሳል፣ ገበያውን ከዳር እዳር ላቋርጥ ካለ ግን ተገፍቶ ይደፋበታል። ታች አየሩ ገበያ ነው፣ ይጋጫል፣ ቀዩ ከመውጣቱ በፊት ጉልበቱ ይወሰዳል። ላይ ጭር ያለ ነው። ከታች ጠርዙ ላይ አልፎ አልፎ የምታዩት ሐምራዊና ሮዝ የናይትሮጅን ነው።

ቀዩን በደንብ ያዙልኝ፣ ምክሬ እዚህ ላይ ነው። ግንቦት 2 ቀን 2016 ማታ በ20 ዓመት ውስጥ ያልታየ የፀሐይ ማዕበል ምድርን መታ፤ አውሮራ እስከ ፍሎሪዳ ወርዶ ታየ። እኛ ትሮምሶ ያለነው ግን በዚያ ወቅት ሌሊቱ ብርሃን ስለሆነ ምንም አላየንም፣ አሁንም ያንገበግበኛል። ጀርመን ያለው የአክስቴ ልጅ አይቶ ደንግጦ እናቴ ጋ ደወለ። ፎቶ የለ ምን የለ፣ «ሰማዩ ደም ለበሰ፣ ጸልዩልን» ብቻ። የልደታን ንፍሮ በልታ ሳትጨርስ እናቴ ምጽአት ደረሰ ብላ ቤተ ክርስቲያን አደረች። ደቡብ ስትሆኑ የሩቁን አውሮራ ከጎን ስለምታዩ ከአድማስ በላይ ብቅ የሚለው የላይኛው ቀዩ ክፍል ነው፣ ሌላ ምንም የለውም። እባካችሁ አገር ቤት ስትደውሉ ከነማብራሪያው ደውሉ።

ለማየት የምትፈልጉ፦ ከመስከረም እስከ መጋቢት፣ በኛ ሰዓት አቆጣጠር ከምሽቱ 4 እስከ ሌሊቱ 7 ጥሩ ነው። ትንበያው ኬፒ የሚባል፣ የምድር መግነጢስ ምን ያህል እንደተናወጠ የሚያሳይ፣ ከ0 እስከ 9 ቁጥር ይሰጣችኋል። ትሮምሶና የስዊድኗ ኪሩና 2 ይበቃል፣ ጀርመን ያላችሁ 7ና 8 ካላያችሁ አትልፉ። ከቁጥሩ በላይ ደመናን ተከታተሉ። ስልካችሁን ደረታችሁ ውስጥ ያዙት፣ ብርድ ባትሪውን ይበላዋል። በነገራችን ላይ አሮጌው የ200 ክሮነር ኖት ላይ ያለው ሰውዬ ክርስቲያን ቢርኬላንድ ነው፤ መግነጢስ ያለበት ሉል ላይ ኤሌክትሮን እየተኮሰ አውሮራን በመስታወት ሣጥን ውስጥ የሠራ። ስንት ዓመት ኪሴ ይዤው ዞሬ ማን እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ትናንት ማታ እናቴ ወደ ጮቄ እያየች «እዚህስ ምነው አይመጣ?» አለችኝ። የመግነጢሱ ወገብ በኢትዮጵያ ሰማይ ነው የሚያልፈው፣ መስመሮቹ እዚህ መሬት ለመሬት ይተኛሉ እንጂ አይወርዱም አልኳት። ግን ያው የኦክስጅን አረንጓዴ በደካማው በየሌሊቱ ጮቄም ላይ አለ፤ ቀን ፀሐይ የነካችው አየር ሌሊት ቀስ ብሎ ያበራል፣ ዓይን አይደርስበትም እንጂ ጥሩ ካሜራ ይይዘዋል።

«እንግዲያው ካሜራውን አምጣዋ፣ ምን ታወራለህ» አለች። ትሮምሶ ትቼው መጥቻለሁ።