ከልጅነት ቀዶ ሕክምና በኋላ፦ የልብ ሕሙማንና የአካል እንቅስቃሴ

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 27 ነው። ስወለድ ደም ከሚረጩት ሁለት የታችኛው የልብ ክፍሎች አንዱ በሚገባ ሳያድግ ቀርቶ ስለነበር፣ በሕፃንነቴ በተከታታይ በተደረጉልኝ ቀዶ ሕክምናዎች የፎንታን ዝውውር የሚባለው ተሠርቶልኛል። ወላጆቼ «ልብሽ እንዳይደክም» እያሉ ከሩጫና ከጨዋታ አርቀው አሳደጉኝ። አሁን ደረጃ ስወጣ ቶሎ ትንፋሽ ያጥረኛል፣ እግሬም ይዝላል። ስፖርት ብጀምር በደም ዝውውሬ ላይ ምን ይደርሳል? ይጎዳኝስ ይሆን?

መልስ፦ ወላጆችዎ የከለከሉዎት ከፍቅርና ከስጋት የተነሣ ነው፤ ቀደም ባሉት ዓመታት ብዙ ሐኪሞችም ይህንኑ ይመክሩ ነበር። ዛሬ ግን ምክሩ ተለውጧል። የእርስዎ ዓይነት ዝውውር ያለው ሰው፣ ሁኔታው የተረጋጋ መሆኑ በምርመራ እስከታወቀ ድረስ፣ በልኩ እንዲንቀሳቀስ ይመከራል። እኔም የእግርዎ ጡንቻ ለደም ዝውውርዎ ከማንም ሰው በላይ ያስፈልግዎታል እላለሁ፤ ምክንያቱም ደምዎ ከሚጓዝበት መንገድ የሚመነጭ ነው።

የጤናማ ጎልማሳ ልብ በእረፍት ጊዜ በደቂቃ 5 ሊትር ገደማ ደም ይረጫል፤ በብርቱ እንቅስቃሴ ጊዜ ይህ መጠን 20 ሊትር ሊደርስ፣ በሠለጠኑ ስፖርተኞች ዘንድም ከዚያ ሊያልፍ ይችላል። ይህ የሚሆነው የልብ ምት ስለሚፈጥን ብቻ አይደለም። በእያንዳንዱ ምት የሚረጨው ደም ይጨምራል፤ በቀኝ በኩል ያለው የታችኛው የልብ ክፍልም ከሰውነት የተመለሰውን ደም በሳንባ ውስጥ በኃይል እየገፋ ለግራው ያቀብላል። ፈረንሳዊው ቀዶ ሐኪም ፍራንሲስ ፎንታን እ.ኤ.አ. በ1968 የጀመሩት ቀዶ ሕክምና፣ በኋላ በተሻሻለበትና ዛሬ በሚሠራበት መልኩ፣ ከላይና ከታችኛው የሰውነት ክፍል የሚመለሰው ደም ልብን ሳይነካ በቀጥታ ወደ ሳንባ የደም ሥሮች እንዲገባ ያደርጋል፤ ያለው አንድ ጠንካራ ክፍልም ደምን ለመላ ሰውነት ለመርጨት ብቻ ይውላል። ስለዚህ ደምዎ ሳንባን የሚያቋርጠው ከጀርባው የሚገፋው የልብ ክፍል ሳይኖር፣ በደም መልስ ሥሮች ውስጥ ባለው ግፊት ነው።

ደረጃ ሲወጡ የሚያጋጥምዎ ድካም በአብዛኛው ከዚህ ይመጣል። ልብዎ ምቱን ቢያፋጥንም ሊረጭ የሚችለው ከሳንባ የደረሰውን ያህል ብቻ ነው፤ የሚደርሰው ደም ካልጨመረ የምቱ መፍጠን ብቻውን ብዙ አይረዳም። በዚህ ላይ ምታቸው የሚፈለገውን ያህል የማይፈጥንላቸው ሕሙማን ጥቂት አይደሉም። የፎንታን ዝውውር ያላቸው ጎልማሶች በከፍተኛ ድካም ጊዜ የሚጠቀሙት ኦክስጅን በእኩዮቻቸው ዘንድ ከሚጠበቀው በአማካይ ከ60 እስከ 65 በመቶ አካባቢ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ታዲያ ደሙን ወደ ሳንባ ለመግፋት ምን ይቀራል? ጡንቻና ትንፋሽ ናቸው። ባትና ጭን ሲኮማተሩ በመካከላቸው ያሉትን ደም መልስ ሥሮች ይጨምቃሉ፤ በሥሮቹ ውስጥ ያሉት ክዳኖች ደሙ ወደ ታች እንዳይመለስ ስለሚያግዱት ወደ ላይ ይጓዛል። አየር ወደ ውስጥ ሲስቡ ደግሞ በደረት ውስጥ ያለው ግፊት ስለሚቀንስ ደሙ ወደ ሳንባ ይሳባል። እንግዲህ ከእንቅስቃሴ ርቆ ያደገና ጡንቻው የሳሳ ሰው ከእነዚህ ሁለት ረዳቶች አንዱን በከፊል አጥቷል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ጥናት፣ ተሳታፊዎቹ እጅግ ጥቂት ቢሆኑም፣ የፎንታን ዝውውር ያላቸው ሰዎች ለ20 ሳምንታት ጡንቻ የሚያጠነክር ስፖርት ሲሠሩ ጡንቻቸው እንደጨመረ፣ ልባቸው የሚረጨው ደምና የሚጠቀሙት ኦክስጅንም እንደተሻሻለ አሳይቷል።

በፈጣን እርምጃ ወይም በብስክሌት ይጀምሩ፤ ፍጥነቱም እየተንቀሳቀሱ ሳይቆራረጥ መናገር የሚያስችልዎ ይሁን። ክብደት ማንሣት ከፈለጉ ቀላሉን ደጋግመው ያንሡ፤ ሲያነሡም አየር ያስወጡ እንጂ ትንፋሽዎን ይዘው አያምጡ። ይህን አጥብቄ የምናገረው፣ ትንፋሽን ይዞ ማማጥ በደረት ውስጥ ያለውን ግፊት ስለሚያንረውና ወደ ሳንባ የሚሄደውን ደም ስለሚገታው ነው። ሲጨርሱም በድንገት አይቁሙ፤ ደሙ በእግር ሥሮች ተጠራቅሞ ሊያዞርዎት ስለሚችል ለጥቂት ደቂቃዎች ዝግ ብለው ይራመዱ። በቂ ውኃ ይጠጡ። እንደ ዋርፋሪን ያለ የደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነ ግጭት ያለባቸውን ጨዋታዎች ይተዉ።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን አብረዎት ከተወለዱ የልብ ሕመሞች ጋር በሚሠራ ስፔሻሊስት የኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ)፣ የልብ ምትና በእንቅስቃሴ ላይ የሚደረግ የኦክስጅን ምርመራ ያድርጉ፤ የስፖርትዎን ልክ የሚወስነው ይህ ውጤት ነው። በመሐል ራስዎን ከሳቱ፣ ልብዎ ያለ ሥርዓት ከመታ፣ ደረትዎን ካመመዎት ወይም ከንፈርዎ ከወትሮው በላይ ከጠቆረ ያቁሙና ሐኪምዎን ያግኙ።

ጥያቄ፦ የጠበበ አኦርታ (ደምን ከልብ ወደ ሰውነት የሚያወጣው ትልቁ የደም ሥር) ይዤ ተወልጄ በልጅነቴ ተጠግኖልኛል። አሁን 34 ዓመቴ ነው። በእረፍት ጊዜ የደም ግፊቴ 125 በ80 ሲሆን፣ በሩጫ ማሽን ላይ ስመረመር የላይኛው ቁጥር 220 ደረሰ። ጥገናው አልያዘም ማለት ነው?

መልስ፦ የግድ አይደለም። የተጠገነ አኦርታ መንገዱ ቢከፈትም፣ ከልብ የሚወጣውን ደም ተለጥጦ የመቀበል ችሎታው ብዙ ጊዜ ይቀንሳል፤ በእንቅስቃሴ ጊዜ የሚረጨው ደም ሲበዛም ግፊቱ ይወጣል። ሆኖም ዳግም የጠበበ ቦታም ይህንኑ ሊያመጣ ስለሚችል ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል። ግፊትዎ በቀኝ ክንድና በእግር ይለካ፤ የክንዱ የላይኛው ቁጥር ከእግሩ በ20 ወይም ከዚያ በላይ ከበለጠ መጥበብ መኖሩን ያመለክታል። የግራው ክንድ የደም ሥር በቀዶ ሕክምናው የተነካ ሊሆን ስለሚችል የቀኙ ይመረጣል። አኦርታው በኤም አር አይ ወይም በሲቲ ስካን ይታይ፤ የ24 ሰዓት የደም ግፊት ክትትልም ይደረግልዎ፤ በእንቅስቃሴ ጊዜ የሚንር ግፊት በእረፍት ጊዜም ለሚመጣ የደም ግፊት ሕመም ቅድመ ምልክት ሊሆን ይችላልና። ውጤቱ እስኪታወቅ ከባድ ክብደት ከማንሣት ይቆጠቡ፤ ሐኪምዎ ካልከለከለዎት በስተቀር በዝግታ መራመዱን አያቋርጡ።