መርሳት ለጀመረች እናት የቃላት ጨዋታ ይበቃል?

ወንድሜ፣ «እናቴ 70 ዓመቷ ነው፤ መርሳት ጀምራለች። ስልኳ ላይ የቃላት ጨዋታ ብጭንላት ይበቃል?» ብለሃል። ጨዋታው አይጎዳም። ብቻውን ግን አይበቃም።

መጀመሪያ ጆሯቸውን አስመርምር። ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል። በደንብ ያልተሰማ ነገር አእምሮ ውስጥ አይቀመጥም፤ እኛ ግን «ረሱት» እንላለን። አባቴ ወሬ መሀል ዝም ብለው ፈገግ ይሉ ነበር። ለካ ግማሹ አይሰማቸውም! የመስሚያ መሣሪያ ካገኙ በኋላ ጣልቃ እየገቡ መከራከር ጀመሩ።

ደም ግፊትና ስኳርም ይለኩ። ሁለቱም የአንጎልን ቀጫጭን የደም ሥሮች የሚጎዱት ድምፃቸውን አጥፍተው ነው።

በ2015 የታተመ አንድ የፊንላንድ ጥናት ዕድሜያቸው ከ60 እስከ 77 የሆኑ 1,260 ሰዎችን ለ2 ዓመት ተከታትሏል። የአመጋገብ ምክር፣ የአካል እንቅስቃሴ፣ የአእምሮ ሥልጠናና የደም ግፊት ክትትል አንድ ላይ ያገኙት በአእምሮ ችሎታ ፈተና ከሌሎቹ የተሻለ ውጤት አመጡ። «አንድ ላይ» የምትለዋን ልብ በልልኝ።

ስለዚህ አብረሃቸው በእግር ሂድ። እየሄዳችሁ አውሩ።

መርሳቱ በድንገት የመጣ ከሆነ ወይም የለመዱት መንገድ ከጠፋባቸው ግን ሳትውል ሳታድር ሐኪም ጋ ውሰዳቸው። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይዘህ ሂድ። የቫይታሚን ቢ12 እጥረትና የታይሮይድ (አንገት ላይ ያለ ዕጢ) ችግርም ያስረሳሉ፤ እነሱ ደግሞ ይታከማሉ።