መልስ፦ ሁለቱን ሠንጠረዦች አንድ አድርጊያቸው

በባሕር ዳር የደንገል ሥራ የሚሸጡ የነገደ ወይጦ (በጣና ሐይቅ ዙሪያ የሚኖር አናሳ ማኅበረሰብ) ሴቶች ገበያ ላይ የሚደርስባቸውን መገለል እያጠናሽ፣ አንድ ሠንጠረዥ በፆታ፣ አንድ በማኅበረሰብ ሠርተሽ አማካሪሽ «መደራረቡ አይታይም»፣ ማለትም ሴትነትና ወይጦነት አንድ ላይ የሚያመጡት በደል አይታይም፣ ካሉሽ ትክክል ናቸው።

አራት ረድፍ አውጪ፦ የነገደ ወይጦ ሴት፣ የነገደ ወይጦ ወንድ፣ የሌላ ማኅበረሰብ ሴት፣ የሌላ ማኅበረሰብ ወንድ። የመጀመሪያዋን ከሦስቱም ጋር አነጻጽሪ።

አሜሪካዊቷ የሕግ ምሁር ኪምበርሌ ክሬንሾው በ1989 እ.ኤ.አ. ያሳየችው ይህንኑ ነው። ጥቁር ሴቶች የመኪና አምራቹን ጀነራል ሞተርስን በአድልዎ ሲከሱ ፍርድ ቤቱ ኩባንያው ሴቶችን ይቀጥር ነበር ብሎ የፆታውን ክስ ጣለ፤ የተቀጠሩት ግን ነጮች ነበሩ። ዘርንና ፆታን አጣምሮ ማየትንም እምቢ አለ፤ በደላቸው መሃል ላይ ጠፋ።

መጠይቁም ላይ ያው ስህተት አለ። «ሴት በመሆንሽ?»፣ «ወይጦ በመሆንሽ?» ብለሽ ለየብቻ አትጠይቂ፤ ተጠያቂዋ ኑሮዋን ለሁለት መክፈል አትችልም። «ገበያ ላይ መጨረሻ የተከለከልሽው መቼ ነው? ምን ተባልሽ?» በያት።

አንድ ነገር አደራ፦ ማኅበረሰቡ ትንሽ ስለሆነ ዕድሜ፣ ሰፈርና ሥራ አብረው ከተጻፉ ስም ባይኖርም ሴትየዋ ትታወቃለች። ከአምስት ሰው በታች ያለበትን ረድፍ ከሰፈር ስም ጋር አታውጪ። ስለ ፆታዊ ዝንባሌም በዚህ መጠይቅ አትጠይቂ፤ የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 ስለሚያስቀጣ ወረቀቱ ራሱ ማስረጃ ሊሆንባት ይችላል።