ፍራንክፈርት፣ ፓሪስና ለንደንን በኪራይ መኪና ለመዞር ላሰብሽው እህቴ

ጥያቄሽን አነበብኩት። በክረምቱ የትምህርት ቤት እረፍት ከባለቤትሽና ከልጆችሽ ጋር ፍራንክፈርት ገብታችሁ መኪና ልትከራዩ፣ መኪናውን ፓሪስ ላይ ልታስረክቡ፣ ከዚያ በባቡር ለንደን ልትሻገሩና ለመመለሻ በረራ እንደገና ፍራንክፈርት ልትመጡ አስባችኋል። «ከጅማ ተነስቶ እንዲህ ያደረገ ቤተሰብ አለ ወይ?» ብለሻል። አለ። እኛ ከባለቤቴ፣ ከሦስት ልጆቻችንና ከአማቴ ጋር ሆነን ለንደን ሲቀር ያንኑ መንገድ ሄደናል። «ቀላል ነው፣ ምንም አትፍሪ» ብለው የመለሱልሽን ሰዎች ሳይ ዝም ማለት አቃተኝ። ልጅና ሽማግሌ ይዘሽ ስትሄጂ ቀላል አይደለም።

1. ለንደንን ለዚህ ጉዞ እርሺው። እንግሊዝ የሼንገን አገር (በአንድ ቪዛ ከሚዞርባቸው የአውሮፓ አገሮች አንዷ) አይደለችም፤ የራሷን ቪዛ ትጠይቃለች። ዋናው ችግር ግን መመለሱ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2024 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያውያን አመልካቾች ላይ ባሳለፈው ውሳኔ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ መስጠት ቆሟል፤ የመልሱም ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ተራዝሟል። የሚሰጥሽ አንድ ጊዜ የሚያስገባ ነው። ለንደን ገብተሽ በፍራንክፈርት በኩል ልመለስ ብትይ ያ ቪዛ ሥራውን ጨርሷል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ይሄ ነው።

2. ቪዛውን የምትጠይቂው ብዙ ሌሊት ከምታድሪበት አገር ነው። ሌሊቱ እኩል ከሆነ መጀመሪያ ከምትገቢበት። «የእገሌ ኤምባሲ አይከለክልም» የሚል ደላላ አትስሚ። እኛ ብዙውን ጊዜ የምናድረው ፍራንክፈርት የባለቤቴ ወንድም ቤት ስለነበር ጀርመን አመለከትን። እሱም «ወጪያቸውን እችላለሁ» ብሎ እዚያው መሥሪያ ቤት ሄዶ የፈረመውን ወረቀት ዋናውን ላከልን። ኮፒ አይቀበሉም።

ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፤ ከ6 ዓመት እስከ 12 ላልሞላው ልጅ 45፣ ከ6 በታች ነጻ። የኔዎቹ 13፣ 9 እና 4 ነበሩ፤ ያንቺዎቹም በዚያው ዕድሜ አካባቢ ይሆናሉ ብዬ ነው። 12 ዓመት የሞላው እንደ አዋቂ ይከፍላል፤ ስለዚህ ለስድስታችን 405 ዩሮ ወጣ። የማመልከቻ ማዕከሉ የአገልግሎት ክፍያ ለብቻው ነው። የጉዞ ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት። ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር በፊት ጀምሮ ይቀበላሉ፤ አንቺ በዚያው በመጀመሪያው ሳምንት ግቢ።

የጅማ ሰው በተለይ አንድ ነገር ልብ ይበል። የልጆቹ የልደት ምስክር ወረቀት ላይ ስማቸው በቁቤ አጻጻፍ ነው፤ ፓስፖርቱ ላይ ደግሞ በእንግሊዝኛው ልማድ። የመካከለኛው ልጄ ስም አንዱ ላይ ድርብ ፊደል አለው፣ ሌላው ላይ ነጠላ ነው። አዲስ አበባ መስኮቱ ጋ ስንደርስ «ይሄ ሌላ ልጅ ነው» ተባልን። ልጁ አጠገቤ ቆሟል! አባቱ የዚያኑ ዕለት ማታ በግቤ በረሃ አድርጎ ጅማ ተመለሰ፤ አንድ ሰው መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ለማጻፍ። ይህን ቀድመሽ ጨርሺ። ከዚህ ሳትነሺ፣ ሁሉንም ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ዘርግተሽ ፊደል በፊደል አስተያይ።

3. አሁን ወደ መኪናው። ልቤ የተቃጠለው እዚህ ላይ ስለሆነ አርዝሜ እጽፋለሁ።

የእኛ መንገድ ከፍራንክፈርት በባቡር ኮሎኝ፣ ብራስልስ፣ ፓሪስ፣ ከዚያ የፈረንሳይ ድንበር ከተማ ስትራስቡርግ ነበር። ከስትራስቡርግ ጀምሮ በኪራይ መኪና በዙሪያዋ ያለውን የአልዛስ አካባቢ ትናንሽ ከተሞችና ከራይን ወንዝ ማዶ ጀርመን ውስጥ ያለውን የጥቁር ደን ተራራ አይተን፣ መኪናውን ፍራንክፈርት ልናስረክብ ነው ያሰብነው። መኪናውን ከጅማ ሆነን በኢንተርኔት ያዝን። ገጹ ላይ ዴቢት ካርድ እንደሚቀበሉ በግልጽ ተጽፏል። ባንካችን በሰጠን የውጭ አገር ካርድ ሙሉውን ከፈልን። ማረጋገጫው መጣ፣ አተምኩት፣ ፋይል ውስጥ አስገባሁት።

ስትራስቡርግ ኪራይ ቢሮው ስንደርስ ከመስኮቱ ጀርባ ያለችው ሴት ካርዱን ገልበጥ አድርጋ አየችው። ከዚያ በአንድ ጣቷ ጠረጴዛው ላይ እየገፋች መለሰችልን። «ክሬዲት ካርድ» አለች። ባለቤቴ የታተመውን ማረጋገጫ ዘረጋላት። ዓይኗን እንኳ አልጣለችበትም። «ክሬዲት ካርድ። በሹፌሩ ስም» አለች። ፍራንክፈርት ያለው ወንድሙ ጋ ደወልንና የራሱን ካርድ ቁጥር በስልክ ልስጣት አለ። አይሆንም። ካርዱም፣ የካርዱ ባለቤትም፣ የሚነዳውም ሰው እዚያው መስኮት ፊት መቆም አለባቸው። በአናቱ ደግሞ መኪናውን ሌላ አገር ለማስረከብ የሚከፈል ሌላ ገንዘብ አለ አለችን። ከኪራዩ ራሱ ይበልጣል። ስንከፍል ያልታየ ነገር ነው። ይሄን ሁሉ ስትናገር አማቴ ሻንጣ ላይ ተቀምጠዋል፣ ትንሿ ልጄ ጭናቸው ላይ ተኝታለች። ባዶ ወንበር ግድግዳው ጥግ አለ፤ «እማማ ይቀመጡ» የሚል ሰው ጠፋ። ሴትዮዋ በእኛ ራስ ላይ አሻግራ «ቀጣይ!» አለች። እስከ ዛሬ ሳስበው ያንገበግበኛል።

ምክንያቱን ኋላ አስጠንቼ ገባኝ። መኪና አከራዮቹ መኪናው ቢጋጭ የሚይዙት ማስያዣ ይፈልጋሉ። ያንን ከክሬዲት ካርድ ጣሪያ (ባንኩ ለባለካርዱ ለማበደር ከፈቀደው መጠን) ላይ ይይዙታል እንጂ ገንዘቡን አያወጡትም። የኛ አገር ባንኮች የሚሰጡን ካርድ ግን ቀድመሽ የሞላሽበት ገንዘብ ነው፤ ብዙዎቹ አይፈልጉትም። ስለዚህ መኪናውን የምትይዢበት ገጽ የሚለውን ትተሽ የመኪናው ባለቤት ድርጅት ራሱ የጻፈውን የውል ዝርዝር አንብቢ። ካርድ የሚለውን፣ ማስያዣ የሚለውን፣ ድንበር ማሻገር የሚለውን። ክሬዲት ካርድ ያለው ዘመድ ካለሽ ውሉም፣ ካርዱም፣ መሪውም በእሱ ስም ይሁን። ከሌለሽ መኪናውን እርግፍ አድርገሽ ተይው።

ገንዘቡን ግን ውሃ አልበላውም። ጅማ ከተመለስን በኋላ ከትልቋ ልጄ ጋር ቁጭ ብለን «ዴቢት ካርድ ይቀበላሉ» የሚለውን ገጽ ስክሪንሾት አያይዘን ጻፍን። አልመለሱም። ደግመን ጻፍን። «ውሉን ያፈረሳችሁት እናንተ ናችሁ» አሉ። ያንኑ ስክሪንሾት ቀይ አስምረን ላክን። በመጨረሻ ሙሉውን መለሱ። ስለዚህ ስትከፍይ እያንዳንዱን ገጽ ፎቶ አንሺ። እኔ ባላነሳው ኖሮ ማን ይሰማኝ ነበር?

ከዚያ ቢሮ ወጥተን ምን እንዳደረግን ልንገርሽ፤ መልሴም ያው ነው። ተመልሰን ባቡር ጣቢያ ገባን፤ የክልሉን ባቡር ይዘን በግማሽ ሰዓት ከአልዛስ ከተሞች አንዷ ኮልማር ደረስን። ያለ ማስያዣ፣ ያለ ፓርኪንግ፣ ያለ ክርክር። ቅዳሜ የባለቤቴ ወንድም በራሱ ሰባት ሰው በሚይዝ መኪና ከፍራንክፈርት መጣልንና ጥቁር ደንን ያየነው ያኔ ነው። ቲቲዜ የሚባለው ሐይቅ፣ ትሪበርግ ያለው ፏፏቴ። አማቴ ያንን ደን ሲያዩ በለጠ የሚባለውን የጅማ አካባቢ ደን አነሱ፤ ቀኑን ሙሉ ከዚያ ወሬ አልወጡም። መኪና የሚያስፈልገው እንዲህ ላለ ቦታ ብቻ ነው። ከተማ ውስጥ ሸክም ነው። ብዙ የጀርመን ከተሞች መሃል ለመግባት አረንጓዴ የአየር ብክለት ስቲከር ያስፈልጋል፤ ከሌለሽ ቅጣቱ 100 ዩሮ ነው። ስትራስቡርግም እኛ በሄድንበት ጊዜ የፈረንሳዩን ስቲከር ትጠይቅ ነበር። ጀርመን ውስጥ 12 ዓመት ያልሞላውና ከ1 ሜትር ከ50 ያጠረ ልጅ በልጅ ወንበር መቀመጥ ግዴታ ነው፤ ወንድሙ ለሁለቱ ልጆች ከጎረቤት ተውሶ ነው የመጣው። ልጆችሽ ግቤን ሲወርዱ የሚያስመልሳቸው ከሆነ ደግሞ ለጥቁር ደኑ ጠመዝማዛ መንገድ ፌስታል አዘጋጂ።

ባቡሩን በተመለከተ የማውቀውን ልጨምርልሽ። የጀርመን ባቡር ላይ ከ6 እስከ 14 ዓመት ያለ ልጅ ከአዋቂ ጋር በነጻ ይሄዳል፤ ግን ትኬቱ ሲገዛ ልጁ መጻፍ አለበት። ከ6 በታች ትኬትም አያስፈልገው። የእኛ ሦስቱም በነጻ ሄዱ። በኪራይ መኪና ሒሳብ ይሄን የሚነግርሽ የለም። ቀድሞ የተገዛ ትኬት በጣም ይረክሳል፤ ሆኖም ለዚያ ባቡር ብቻ ነው የሚያገለግለው። የመቀመጫ ቁጥር ጀርመን ውስጥ ለብቻው ይገዛል፤ ልጅ ይዘሽ ስለሆነ ግዢው። የፈረንሳዩ ፈጣን ባቡር ላይ ከትኬቱ ጋር ነው።

ጀርመን ሰዓት ያከብራል ሲሉ ሰምተሽ ከሆነ ባቡራቸው ላይ አትመኚ። በ2024 እ.ኤ.አ. ከረጅም ርቀት ባቡሮቻቸው በሰዓቱ የደረሱት 62.5 በመቶ ናቸው። ስለዚህ ባቡር ስትቀይሪ ቢያንስ የአንድ ሰዓት ክፍተት ተዪ። የኛ የኮሎኝ–ብራስልስ ባቡር ከአንድ ሰዓት በላይ ዘገየ። ብዙ ሰው አጉረምርሞ ሄደ፤ እኔ የካሳ ቅጹን ሞላሁ። 60 ደቂቃ ከዘገየ የትኬቱ 25 በመቶ፣ 120 ደቂቃ ከሆነ 50 በመቶ ይመለሳል። ገንዘቡ በባለቤቴ ወንድም የባንክ ሒሳብ ገባ፤ የዘመድ ሒሳብ ቁጥር ይዘሽ ሂጂ።

ሌላው፣ አንዳንዱ ባቡር መንገድ ላይ ለሁለት ይከፈላል፤ የፊቱ አንድ ከተማ፣ የኋላው ሌላ ከተማ ይሄዳል። ሳትገቢ በሩ አጠገብ ያለውን የፉርጎ ቁጥርና መድረሻ አንብቢ። አባት ከአንድ ልጅ ጋር በአንድ በር፣ እናት ከሌሎቹ ጋር በሌላ በር የሚባል ነገር እንዳይኖር። ፓሪስ ከብራስልስ ስትገቢ የምትወርጂበትና ወደ ስትራስቡርግ የምትሳፈሪበት ጣቢያ ይለያያል፤ ጋር ዱ ኖርና ጋር ደ ሌስት ይባላሉ። ታክሲ ነጂዎች ሊወስዱሽ ይረባረባሉ። አስር ደቂቃ ያህል የእግር መንገድ ነው፤ አማቴም ተራምደውታል። ፓስፖርቱ ሻንጣ ውስጥ አይቀመጥ። ጀርመን ከመስከረም 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሁሉም የየብስ ድንበሮቿ ፍተሻ ጀምራለች፤ ባቡር ውስጥ ፖሊስ ገብቶ ይጠይቃል።

ኮሎኝ ላይ ለማደር ጊዜ ባይኖርሽ እንኳ ውረጂ። ካቴድራሉ ከጣቢያው እንደወጣሽ ፊትሽ ላይ ነው። በ1248 ተጀምሮ በ1880 እ.ኤ.አ. ነው ያለቀው። ባለቤቴ ከሁለቱ ትልልቆች ጋር 533ቱን ደረጃ ወጣ፤ እኔና አማቴ ከታች ሻማ አበራን።

ስለ ስንቅም ጠይቀሻል። ንጥር ቅቤና ቋንጣ እንዳትይዢ። ከአውሮፓ ውጪ የሚመጣ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ክልክል ነው፤ ፍራንክፈርት ጉምሩክ ላይ ከፊታችን የነበሩ እናት ቅቤያቸው ሲጣል አይተናል፣ ያሳዝናል። ማር ግን ለአንድ ሰው እስከ 2 ኪሎ ይገባል፤ የጅማን ማር ለዘመድ ውሰጂ። ጉዞሽ ፍልሰታ ላይ ከዋለ ደግሞ አትጨነቂ። አማቴ አንድም ቀን ሳይገድፉ ጾመዋል። የሱፐርማርኬት ዕቃ ላይ «ቪጋን» የሚል ምልክት ካለው ጾም ነው፤ ፈላፍል በየመንገዱ አለ፤ ባቡር ውስጥም ቋጥረሽ የመጣሽውን መብላት ይቻላል።

ከጅማ እስከ ፍራንክፈርት ያለውን በረራ በአንድ ትኬት ግዢ። በክረምት በደመና ምክንያት ከጅማ የሚነሳው በረራ ሊዘገይ ይችላል፤ ትኬቱ አንድ ከሆነ ቀጣዩን የሚያስተካክልልሽ አየር መንገዱ ነው። ለየብቻ ከገዛሽ ግን ኪሳራው ያንቺ ነው።

የማመልከቻ ፋይሌ በሙሉ አለ፤ የስሙን ደብዳቤ ጨምሮ። ሱቄ እዚሁ ጅማ መርካቶ በኩል ነው፣ በውስጥ መስመር ጻፊልኝና ቦታውን እነግርሻለሁ። ከባለቤትሽ ጋር ኑና ኮፒ አድርጋችሁ ውሰዱት። ከሰዓት በኋላ ብትመጡ እኔም ፋታ ይኖረኛል፣ ቡናም ይፈላል።